ከሀጂራ ጣራ ላይ የተለካው ጢስ

ሀጂራ ወረታ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ኡመር ከሱቋ ጀርባ የሩዝ መፈልፈያ ነበረው። ገበሬው ከአቅራቢያው ቀበሌ ከቁሐር ሚካኤል ሩዙን በአህያ ጭኖ ያመጣለታል፤ ቅርፊቱ ግቢው ውስጥ ይከመርና ማለዳ ማለዳ ይቃጠላል። ኡመር በዚያ ጢስ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቶ፣ ሁለት ዓመት ሲያስል ከርሞ ሞተ። መፈልፈያው ለልጃቸው ለአብዱልአሊም ተረፈ።

ኡመር ከሞተ በሦስተኛው ዓመት ማርያማዊት የምትባል ተመራማሪ መጣች። ሥራዋ የከተሞችን አየር ከሳተላይት ምስል መገመት ነው።

"ሳተላይቱ ከላይ እስከ ታች ያለውን ብናኝ ባንድ ላይ ነው የሚያየው፤ ሰው የሚተነፍሰውን ለይቶ አይነግረንም" አለቻት። "እዚህ ታች የሚለካ መሣሪያ አስቀምጠን ሁለቱን በስሌት እናዛምዳለን። ጣራዎን ይፈቅዱልኛል፣ እትዬ?"

ሀጂራ ፈቀደች።

ከአራት ወር በኋላ ማርያማዊት ግራ ተጋብታ ተመለሰች። ስሌቱ የወረታ አየር ደህና ነው ይላል፤ የጣራው መሣሪያ ደግሞ ክፉ ነው ይላል።

"መሣሪያው ሳይበላሽ አልቀረም" አለች።

"ሳተላይታችሁ በስንት ሰዓት ነው የሚያልፍ?"

"ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ።"

"እሳቱ የሚለኮስ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ልጄ። በሰባት ሰዓትማ ጢሱን ነፋስ ወስዶታል።"

ማርያማዊት ሰዓቱን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። "ማን ነው የሚያቃጥለው?"

"ብዙ ናቸው። ቅርቡ የኔው ልጅ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ሀጂራ እሳት የተለኮሰበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ትጽፍ ጀመር። አብዱልአሊም ይህን ሲሰማ ሱቋ ድረስ መጣ።

"እማ፣ የገዛ ልጅሽን ልታሳጪ ነው? ያን መሣሪያ ከጣራው ንቀይው!"

"አባትህ መተኛት ሲያቅተው ትራስ ደራርቤ ያስደገፍሁት እኔ ነኝ" አለችው። "ላንተም እንዲያ እንዳደርግ አትጠብቀኝ።"

ወደ መፈልፈያው ተመለሰ።

ማርያማዊት የማለዳውን ጢስ ስሌቱ ውስጥ አስገባች። የቆዩ ምስሎች ስለነበሩም፣ በሀጂራ ጥያቄ ወደኋላ ሄዳ ኡመር የሠራባቸውን ዓመታት ገመተች። ውጤቱን በወረቀት ይዛ ስትመጣ አብዱልአሊምም ሱቁ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ላይ የብናኙን መጠን የሚያሳየው መስመር ከዓመት ዓመት ሽቅብ ይወጣል።

"ግምት ነው፤ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል" አለች ማርያማዊት። "እሳቸውን የገደለው ይህ ነው ብዬ መናገር አልችልም።"

"በይም አላልሁሽ። እኛ ብርድ ነው እያልን ነበር የምናስታምመው።" ሀጂራ ጣቷን ኡመር ማሳል በጀመረበት ዓመት ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች። አብዱልአሊም ከኋላዋ ቆሞ ወረቀቱን ያያል።

በሳምንቱ ቅርፊቱን በጋሪ አስጭኖ ለዶሮ አርቢዎች ለጉዝጓዝ ይሰጥ ጀመር። ሁለት ጎረቤቶቹ ተከተሉት። የቀሩት ዛሬም ያቃጥላሉ።