ከመስኮት የወጣ ነጠላ

ዛሬ አምቦ፣ አስፋልት ዳር ቆሜ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። አንድ ሚኒባስ በመስኮቱ ነጭ ነጠላ እያውለበለበ በረረ። እኛ ዘንድ ሕመምተኛ የያዘ መኪና መንገድ የሚለምነው እንዲህ ነው።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ምጥ ጠንቶባት ከጌዶ በጭነት መኪና ስናመጣት፣ ነጠላዋን በመስኮት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሹፌሩን ኦቦ ቶለራን በጉደር ጠመዝማዛ የሚቀድማቸው አልነበረም። ማርሽ ሲቀንሱ መኪናው ያጓራል፣ እናቴም ታቃስታለች።

«ኦቦ፣ ትንሽ ይፍጠኑ» አልኩ እያለቀስኩ።

«መንዳቱን ለኔ ተወው፤ ያንተ ሥራ ነጠላውን አለመልቀቅ ነው።»

አምቦ ከሩቅ ሲታየን መሃላችን ያለችው እናቴ ማቃሰቷን ተወች። ዞሬ ላያት ስል ኦቦ በአንድ እጃቸው አገጬን ወደ መንገዱ መለሱት።

«ፊት ፊቱን እይ፣ ልጄ። እንዳትለቅ።»

ሚኒባሱ ከዓይኔ ከጠፋ ቆየ። ጣቶቼ ግን እንደተጨበጡ ናቸው።