ጀማል ያወረደው ጉም

በፈረንጆቹ 2014 ስልሳ ዓመቴ ነበር። ዛሬ አገሬ ላይ ጉም ሲወርድ ያ ጊዜ ትዝ አለኝ። ሪያድ፣ ፉጣ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ክፍል አብሮኝ የሚኖረው ጀማል ከባጥሐ ገበያ በገዛት አሮጌ ኮምፒውተር ጌም ይሠራ ነበር። የልጅነት መንደሬን እየነገርኩት ጌሙ ውስጥ አስገባልኝ። ቤቶቹ ሲበዙ ግን ማሽኗ ጋለችና ቀጥ አለች።

«አባባ፣ ማሽኗ ይህን ሁሉ ቤት አትሸከምም። የማንን ቤት ላፍርስ?»

«የማንንም አታፈርስም! ኸላስ፣ በቃ!»

«ማሽኗም ደረቀች፣ እርስዎም ደረቁ!» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ መንደሯን ጉም አለበሳት። ማሽኗ የቅርቡን ቤት ብቻ ስለምታሳይ ሸክሟ ቀለለ፤ ስጠጋ ቀጣዩ ብቅ ይላል። የእኛም መንደር ጠዋት እንዲሁ ነበር፤ እግዜር ይስጠው።

በማግስቱ ጠዋት እሱ ሳይነሳ ኮምፒውተሯን ከፍቼ፣ ከጉሙ የወጣውን ቤት ሁሉ በባለቤቱ ስም እየጠራሁ «እንደምን አደራችሁ» አልኩ።