ባናው ጫፍ ላይ የታሰረው ፎቶዬ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ከትልቁ ድርቅ በኋላ ነው። የዚያን ዘመን ብዙውን ነገር ረስቼዋለሁ። ይህን ግን ልርሳው ብልም እምቢ ይለኛል። አንዳንዴ በሕልሜ ያየሁት እየመሰለኝ ወንድሜን ጠርቼ «እውነት ሆኗል አይደል?» እለዋለሁ።

ደጋን የምትባል የወሎ ከተማ ልጅ ነኝ። ድርቁ ሲበረታ ከብቶቻችን አለቁና እናቴና እኔ ቤታችንን ዘግተን ኮምቦልቻ ገባን። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ያኔ አብሮን አልነበረም። ከዚያ በፊት አንድ የገበያ ቀን በአፈሳ ተይዞ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተወስዷል። ይሙት ይኑር የሚነግረን አልነበረም። እሱም ቢሆን ደጋንን መልቀቃችንን አያውቅም።

ኮምቦልቻ ውስጥ ባና የሚሠራ ማኅበር ነበር። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። እኔ የተቀጠርኩት ጠጉር ለማጠብ ነው። ጠዋት ጠዋት ቦርከና ወንዝ ወርደን እናጥብና ድንጋይ ላይ እናሰጣለን። ክረምት ሲወጣ ወንዙን ጭጋግ ይሸፍነዋል። የተሰጣው ነጭ ጠጉርና ጭጋጉ ይቀላቀሉና የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ሰዉ ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የሚታየው።

አንድ ቀን ሊቀመንበራችን «ማኅበሩ የሚታወቅበት ፎቶ ያስፈልገዋል» ብሎ ከደሴ ፎቶ አንሺ አስመጣ። ፎቶው በቀን መቁጠሪያውና ባናው ጫፍ ላይ በክር በሚታሰረው ትንሽ ካርቶን ላይ ሊታተም ነው። ፎቶ አንሺው ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። ፒያሳ አጠገብ ጠባብ ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ በሩ ላይ አሰልፈው አነሱን። ቀጥሎ ሊቀመንበሩ እንዳዘዘው ግራ እጃችንን ወደ ላይ አንስተን አነሱን። ከዚያ ወንዙ ድረስ ወርደው፣ እኛ ሥራችንን ስንሠራ ሲያነሱ ዋሉ።

በዚያ ሰዓት ወታደር የጫኑ መኪኖች በደሴ መንገድ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ይወጡ ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ብዬ የማየት ልማድ ነበረኝ። ድንገት ሰይድ ካለበት ብዬ ነው። እጄ ውኃ ውስጥ እንዳለ ቀና አልኩ። ጋሽ ታደሰ ያነሱኝ ያኔ ነው።

ፎቶዎቹ ታጥበው ሲመጡ ስብሰባ ተጠራ። ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ሊቀመንበሩ እጅ የተነሳበትን መረጠ።

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ለሰልፍ ጥሩ ነው። ባና የሚገዛ ሰው ግን የበረደው ሰው ነው። የሚያምነው ፊት ነው የሚፈልገው» አሉና አንድ ፎቶ ወደፊት ገፋ አደረጉ።

የኔ ፎቶ ነው። ሳየው ራሴን አላወቅኩትም። ከጭጋግ ውስጥ የወጣች፣ ሩቅ የምታይ የሌላ አገር ልጅ መሰለችኝ።

ሊቀመንበሩ ብዙ ካየው በኋላ ፊቱ በራ። «ወደ ብሩህ ተስፋ የምትመለከት ሠርቶ አደር!» አለ። ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ምን እያየሁ እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ያኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ተነስቶ አይነገርም።

«ብቻ» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ ፊልሙ ላይ በእርሳስ ተነክቶ ይጥፋ።»

ጠባሳው ግራ ቅንድቤን ለሁለት ይከፍለዋል። ልጆች ሆነን ማሽላ ስንጠብቅ ሰይድ ለወፍ የወነጨፈው ድንጋይ ነው ያገኘኝ።

ከስብሰባው ስንወጣ ጋሽ ታደሰ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ዘሀራ፣ ፊትሽ ገበያ ለገበያ ሊዞር ነው። ትወጃለሽ?»

«እምቢ ብልስ?»

«ፊልሙ ተበላሸ እላለሁ። ሊቀመንበሩን ለእኔ ተይው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ትወጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። እሺ ያልኩትም ስለጠየቁኝ ይመስለኛል። «ጠባሳውን ግን አይንኩብኝ» አልኳቸው። «ወላሂ፣ እሱ ከጠፋ እኔ አይደለሁም።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ካርቶኑ ታትሞ ሲመጣ ጠባሳው ነበረበት። ሊቀመንበሩ ሳያስተውለው ቀርቶ ይሁን አይቶ አልፎት እንጃ፣ ካርቶኑ እንዲመለስ አላዘዘም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ ሕልም ነው ያለፈው። ደሴ ስወጣ ሱቅ ውስጥ ግድግዳ ላይ ራሴን አየዋለሁ። ሻይ ቤት ገብቼ ቀና ስል እዚያም አለሁ። ሰዎች ፎቶዬን ያዩና እኔን ያዩኛል፤ የት እንደሚያውቁኝ ይጠፋባቸዋል። አንዲት አሮጊት ሴት መንገድ ላይ አቁመው «ልጄ፣ በሕልሜ ነው ያየሁሽ?» አሉኝ። እጃቸውን ስሜ አለፍኩ።

ማኅበሩ ለቁስለኞች ብሎ ብዙ ባና በመኪና አስጭኖ ላከ። እኔም ሲጫን አግዣለሁ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዘበኛው መጥቶ «በር ላይ ሰው ይፈልግሻል» አለኝ። ስወጣ አንድ ወጣት በምርኩዝ ቆሟል። አንድ እግሩ የለም። እኔን አየ፣ እጁ ላይ ያለውን ነገር አየ፣ መልሶ እኔን አየ። የያዘው ጠርዙ ያለቀ የባና ካርቶን ነው።

«ዘሀራ ነሽ?»

«ስሜን ማን ነገረህ?»

«ሰይድ።»

በሩ አጠገብ የጠጉር ጆንያ ነበር፤ እሱ ላይ ተቀመጥኩ።

ወጣቱ መኮንን ይባላል፤ ከሆስፒታል ተሰናብቶ ወደ አገሩ ወደ ሸዋ ሲያልፍ ነው። እየተነፈሰ፣ ቀስ እያለ ነገረኝ።

«አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ፈንጂ ሁለቱንም ዓይኑን ወስዶበታል። አይበላም፣ ከማንም ጋር አያወራም። ባና ሲታደለን ካርቶኑ እንደታሰረ ነበር። ወሬ ላስይዘው ብዬ ያየሁትን ነገርኩት። አንዲት ልጅ አለች አልኩት። ከኋላዋ ወንዝ አለ፣ ድንጋዩ ላይ ጠጉር ተሰጥቷል። ዝም አለኝ። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ ስለው ግን ተነስቶ ቁጭ አለ። በየትኛው በኩል አለኝ። በግራ አልኩት። ከላይ ወደ ታች ነው ወይስ ወደ ጎን? ከላይ ወደ ታች አልኩት። እጄን ያዘኝና ‹እሱን እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ እህቴ ናት› አለ። ትኩሳት ነው ብለን ነበር። በነጋታውም እንደዚያው አለ። በየቀኑ እንደገና ንገረኝ ይለኛል። ስለ እሷ ስነግረው ነው መብላት የጀመረው።»

ወደ ደጋን ሁለት ጊዜ ደብዳቤ አጽፎ ነበር። መልስ አልመጣለትም። ካርቶኑ ላይ ግን ኮምቦልቻ የሚል ጽሑፍ አለ። «በዚያ ስታልፍ ፈልግልኝ» ብሎ ነው መኮንንን የላከው።

ቤት ወስጄው እናቴ ሁሉንም ሰማች። «ሌላው አካሉስ?» አለችው።

«ሌላው ደህና ነው፣ እናቴ። ዓይኑ ብቻ ነው።»

«ዓይኑ ብቻ» አለች። «አልሃምዱሊላህ፣ ዓይኑ ብቻ።» ቀኑን ሙሉ ያንኑ እያለች ዋለች። ስታለቅስም፣ ለእንግዳው ምሳ ስታቀርብም «ዓይኑ ብቻ» ነበር የምትለው።

መኮንን እደር ብንለው እምቢ አለ፤ እሱንም የምትጠብቅ እናት አለችው። ሲወጣ ካርቶኑን ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። «ካላስከፋሽ እኔ ልያዛት፤ ለመድኳት» አለኝ። ያዘው አልኩት። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም። ይኑር አይኑርም አላውቅም። ስሰግድ ግን ስሙን አነሳለሁ።

ሰይድ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ከመኪናው ሲያወርዱት መጀመሪያ እናቴን አቀፈ። ከዚያ እጁን ወደኔ ዘረጋና በአውራ ጣቱ ቅንድቤን ፈለገ። ሲያገኘው ጣቱን እዚያው አቆየው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየናል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ።

ማኅበሩ ከፈረሰ ቆየ። ከፎቶው አንድም ቅጂ የለኝም፤ አልፈለግኩትምም። ወንድሜ አሁንም አብሮኝ ነው የሚኖረው። ጠዋት ደጅ ላይ ተቀምጠን ያየሁትን እነግረዋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ እንዲለው ብዬ አገሩን አሳምሬ ነበር የምነግረው። ያላበበውን አብቧል፣ የደረቀውን ለምልሟል እለው ነበር። አንድ ቀን ሳቀና «ዘሀራ፣ እንደሱ አይደለም። ያለውን ንገሪኝ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እነግረዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ጭጋግ ነበር። የጎረቤታችን አጥር በአንድ በኩል ወድቋል። አንድ መኪና ወደ ሐረጎ ሲወጣ መብራቱ ታየኝ፤ ማን እንደተሳፈረበት ግን አልታየኝም አልኩት። «ይሁን» አለና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።