የአባቴ ቤት ሆድ

የአርክቴክቸር ትምህርት ቤታችን ሲጀመር አንድ አዳራሽና ዘንበል ያሉ የመሳያ ጠረጴዛዎች ብቻ ነበሩት። ሴቶቹ ሁለት ነበርን።

በሦስተኛው ዓመት መምህራችን «የየአገራችሁን ቤት ለክታችሁ፣ ሥላችሁ አምጡ» አሉን። እስከ ጋሸና በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላስታ ገብቼ የአባቴን ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤት ለካሁ። አባቴ መሐል ላይ ችካል ተክሎ፣ በገመድ ዙሪያውን ለክቶ ነው የሠራው። በምሥራቅ በኩል ግን አለት ስለገጠመው ግድግዳውን ወደ ውጭ አጉብጦ አሳለፈው። እኔም ጉብታውን እንዳለ ሣልኩት።

መምህሩ ወረቀቴን ለክፍሉ ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ይቺ ልጅ የአባቷን ቤት አስረግዛ መጣች!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በቀይ እርሳስ «ሲ» ሰጡኝ። ቤቱን እሳቸው በኮምፓስ ፍጹም ክብ አድርገው እንደገና ሣሉትና፣ ከሥሩ ስማቸውን ጽፈው አዳራሹ ውስጥ ሰቀሉት።

ትምህርት ቤቱ አደገ። ጠረጴዛዎቹ ወጥተው ኮምፒውተር ገባ። የመስታወት ሕንፃ ተወደደ፤ እሱም ሲሰለች የአገር ቤት አሠራር ትምህርት ሆነ። ያ ክብ ንድፍ ግን ከግድግዳው አልወረደም።

እኔ ጡረታ ወጥቼ አባቴ ቤት ገባሁ። አምና ተማሪዎች በጨረር መለኪያ ሊለኩት መጡ። አንዷ ደጋግማ ለክታ ተጨነቀች።

«እማማ፣ ቤቱ አዳራሻችን ከተሰቀለው ንድፍ ጋር አልገጥም አለኝ። ተጣሞ ይሆን?»

«ቤቱስ ከቦታው አልተነቃነቀም፣ ልጄ። ንድፉን ጠይቂው።»

መምህሩም የክብር እንግዳ ሆነው፣ ከዘራ ይዘው አብረዋቸው መጥተዋል። ያኔ «አንቺ» ይሉኝ የነበሩት ያን ቀን «አንቱ» አሉኝ።

«የድሮው ወረቀትዎ አለ? በእኔው ንድፍ ቦታ እንሰቅለው ነበር።»

«አለ፣ የኔታ። መጀመሪያ ይቺን ይያዙልኝ» ብዬ የሜትሩን ጫፍ አስያዝኳቸው።

ቤቱን አብረን ዞርን። ምሥራቅ ስንደርስ ቆሙና መዳፋቸውን ጉብታው ላይ አሳረፉ።

«እውነትም አርግዟል» አሉ ቀስ ብለው።

«ስንት ወሩ ይመስልዎታል?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ወረቀቱን ከሳጥኔ አወጣሁ። ተማሪዋ በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

«ሲዋስ?» አልኳቸው ቀዩን እያሳየሁ።

መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት።

«እሷማ ለመስመርሽ ነው፤ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«አንቱ»ን ትተው ወደ «አንቺ» ተመለሱ። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ወደ ሳጥኔ መለስኩ። ከፈለጉ የስልኩን ፎቶ ይስቀሉ።