ከእህል ጉድጓድ የወጣው ዳዊት

ጣሊያን ቡሬ ሲገባ የኔታ ጫካ ገቡ፤ ታናሽ እህቴን ማስተማር በእኔ ላይ ወደቀ። ከአባቴ የብራና ዳዊት እነዚያኑ የመጀመሪያ መዝሙሮች አንድ መስመር እኔ፣ አንድ መስመር እሷ እንል ነበር። ያልተሳሳተ የሽምብራ ቆሎ ይዘግናል። ሁልጊዜ እሷ ታሸንፈኝ ነበር።

ጣሊያኖች ቤት ማቃጠል ሲጀምሩ ዳዊቱን በቆዳ ጠቅልለን ከእህል ጉድጓድ ቀበርነው። ክረምቱን ከርሞ በጥር ስናወጣው እርጥበት በልቶታል፤ የሚነበብ የቀረው ከመጨረሻው አንድ ገጽ ብቻ ነው።

እህቴ ልትዳር ነበርና እናቴ «ሳትሄጂ እስቲ አንብቢልኝ» አለቻት። ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ የመጀመሪያውን መዝሙር ሳትደናቀፍ አወረደችው።

«እሱ እኮ እዚህ የለም» አልኳት።

«ታዲያ የት ሄደ፣ ጋሼ?»

ያን ሁሉ ጊዜ ስንጫወት አንዲት ፊደል ለይታ እንድታሳየኝ አልጠየቅኳትም። በሳምንቱ ሚዜዎቹ በበቅሎ ይዘዋት ሄዱ።