ከግራር ሥር የወደቀው መንግሥት

ኮረብታው ስም አልነበረውም። «ደረቅ ጋን» ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ፤ ስሙም በመገናኛ ሬዲዮ እስከ ብርጌዱ ሄዶ በካርታ ላይ ተጻፈ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት አዳማ መናኸሪያ አጠገብ፣ በጭነት መኪኖች በር ላይ ከተጻፈው ጽሑፍ ነው። ያም ሆኖ የጦር ካርታ ማንበብ ችዬ ነበር፤ በሻምበሏ ውስጥም ከእኔ የተሻለ መትረየስ ተኳሽ አልነበረም። ነበረ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ምስክሮቼ ግን አብዛኞቹ እዚያው ቀርተዋል። ይህን የምጽፈው ስለ እነሱ ነው፤ ጦርነትን በስልክ ብቻ የሚያውቁት የልጅ ልጆቼም ያንብቡት።

ጊዜው የምሥራቁ ጦርነት ነው። ወራሪው ጦር ቆላውን ከያዘ በኋላ ከኮረብታችን በታች ባለችው ትንሽ ከተማ አንድ «ነፃ መንግሥት» አቋቁሞ ነበር። ባንዲራ ሰጣቸው፣ ማኅተም አስቀረጸላቸው፣ ሚኒስትር የሚባሉ ሰዎችም ሾመላቸው። ፕሬዚዳንቱ ከጦርነቱ በፊት የወረዳ ግብር ሰብሳቢ የነበረ ሰው ነው። የራሳቸው የሚሉት ኃይል የታጠቁ ዘበኞች ብቻ ነበሩ፤ መድፉም፣ ሞርታሩም፣ ነዳጁም የወራሪው ነው። ነፃነታቸው ይኼው ነበር።

ዘበኞቹ ግን ለእኛ በቂ ጠላት ነበሩ። ወደ ኮረብታው ከመውጣታችን በፊት፣ ቁስለኛ ተሸክመው ወደ ኋላ ይመለሱ የነበሩ ሦስት ጓዶቻችንን ድልድዩ ሥር አድፍጠው ገደሏቸው። ጫማቸውንም አውልቀው ወሰዱ። ሞት የጦርነት ነው፤ የጫማውን ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

ትእዛዛችን የከተማዋን የውሃ ጉድጓዶች መያዝ ነበር። በዚያ ቆላ ሌላ ውሃ የለም። ከኋላችን በበቅሎ ይመጣልን የነበረው ውሃ መንገዱ በሞርታር ስለተመታ ቆመ። ከፊታችን ያለው ሜዳ ፈንጂ የተቀበረበት ነው። የመቶ መሪያችን የመቶ አለቃ ጥላሁን ሰብስቦ እውነቱን ነገረን፦ ነገ ጠዋት ጉድጓዶቹ ካልተያዙ ወደ ኋላ እንመለሳለን፤ ከተመለስን ደግሞ ቁስለኞቹ በረሃውን አያልፉትም። በየኮዳችን የቀረው ውሃ ሲነቀነቅ ድምፁ ይሰማ ነበር። ያን ድምፅ ሁላችንም እንጠላው ነበር።

በዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማዋ ጥቂት ተኩስ ሰማን። የተተኮሰው ወደ እኛ አይደለም። በመነጽር ስናይ የ«ነፃው መንግሥት» ባንዲራ ወረደ፣ በቦታውም የወራሪው ባንዲራ ወጣ።

የመቶ አለቃ ጥላሁን «ገለበጧቸው» አለ።

እኔም «ጌታ ሎሌውን አባረረ ይባላል እንጂ ግልበጣ አይባልም» አልኩት። ሳቀ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ሲስቅ ደማ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ሰው በድንጋዮቹ መካከል እየዳኸ ወደ ምሽጋችን ቀረበ። ባዶ እግሩን ነው፤ ሸሚዙ ተቀዷል። ጥበቃ ላይ የነበረው የሁሩታው ልጅ ከድር ነው። ከድር ስንዴ አምራች ገበሬ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ሲናገር ግን «አቦ» ሳይል የማይጀምር። ሰውዬው ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ውሃ። ከድርም ማንነቱን ሳይጠይቅ የራሱን ኮዳ ሰጠው። ሰውዬው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨረሰው።

እኔ ስደርስ ፊቱን አወቅሁት። ከአውሮፕላን በተበተነብን ወረቀት ላይ ምስሉ ነበር፤ ወረቀቱንም ለጓዶቼ ያነበብኩላቸው እኔ ነበርኩ። ፕሬዚዳንቱ ነው።

«ከድር፣ ማንን እንዳጠጣህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«የጠማውን» አለ።

ሰውዬውን የመቶ አለቃው ፊት አቀረብነው። የሆነውን ተናገረ። በዚያ አገር ከምሳ በኋላ ጫት ይቃማል፤ ጫት ላይ መሣሪያ ይዞ መቀመጥ ነውር ነው፤ ሁሉም ጠመንጃውን ከውጭ ሰቅሎ ይገባል። ፕሬዚዳንቱ ወራሪው እየተሸነፈ መሆኑን ሲያይ ከእኛ ጋር ለመታረቅ በስውር ሽማግሌ ልኮ ነበር። የወራሪው ኮሎኔል ይህን ሰማ። ሰምቶም አልተቆጣም፤ ሚኒስትሮቹንና ዘበኞቹን በሙሉ በትልቁ ግራር ሥር ጫት ጋበዛቸው። እነሱም እንደ ወጉ ጠመንጃቸውን ከአጥሩ ውጭ ካለው ዛፍ ላይ ሰቀሉ። ጨዋታው ሲሞቅ የኮሎኔሉ ወታደሮች መጀመሪያ ዛፉን፣ ቀጥሎ ግራሩን ከበቡ። እንቢ ያሉት ተገደሉ። የቀሩት ታሰሩ። ፕሬዚዳንቱ የተረፈው በዚያች ሰዓት ሊሸና ወደ ጓሮ ወጥቶ ስለነበረ ነው።

አንዱ ጓዳችን «መንግሥትን ያዳነ ሽንት» ብሎ አሳቀን። ሰውዬው አልሳቀም። ሜዳውን ፈንጂ ያስቀበረው እሱ እንደሆነ፣ ደረቁን ወንዝ ግን ለራሱ ማምለጫ ብሎ እንዳላስቀበረበት፣ ኮሎኔሉም ይህን እንደማያውቅ ነገረን። በወንዙ ከሄድን ጉድጓዶቹ አጠገብ እንወጣለን። ከዚያ ቀና ብሎ ከተማዋ ስትያዝ ወደ ሥልጣኑ እንመልሰው እንደሆነ ጠየቀ።

የመቶ አለቃው «ውሃውን እንያዝ። ስለ ወንበር የበላይ አካል ይወስናል» አለው።

ከዚያ ምክራችንን ጠየቀን። እኔ ይገደል አልኩ። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ። አንድ ጊዜ አገሩን ሸጧል፣ ቀጥሎ ገዢውን ሊሸጥ ሲል ተይዟል፤ ሦስተኛው ተሸጪ እኛ የማንሆንበት ምን ምክንያት አለ?

ከድር «አቦ፣ ውሃዬን ጠጥቷል» አለ። «በኛ ዘንድ ውሃህን የጠጣ ስደተኛ አይገደልም። እሱም አይከዳህም።»

«ኮሎኔሉስ ጫት ላይ ጠመንጃ ነውር መሆኑን አላወቀም ነበር?» አልኩት።

ከድር ተነስቶ ሰውዬው ጎን ቆመ። «ልክ ነህ። እንግዲያው ከእኔ ጋር እሰሩት። ከፊት የምንሄደው እኔና እሱ ነን።»

የመቶ አለቃው ሁለታችንንም አየን። ከዚያ ገመድ አስመጣ።

ጎህ ሳይቀድ ወረድን። ከድርና ፕሬዚዳንቱ ወገብ ለወገብ ታስረው ይመራሉ፤ እኔ መትረየሱን ይዤ ከኋላቸው ነኝ። አፈሙዙ የሰውዬው ጀርባ ላይ ነበር። አሸዋው እግር ይውጣል። ፈንጂ አልነበረም። በየርምጃው እጠብቀው ነበር፤ አልነበረም።

ብርሃን ሲሆን ወጣን። ጉድጓዶቹ ፊት ለፊታችን ናቸው። የጠላት ዘብ ከሩቅ አየንና ተኮሰ። ገመዱን በሳንጃ ቆረጥኩት። መትረየሴን የጉድጓዱ ድንጋይ ላይ ተከልኩ። ከግራ የመጡትን መለስኳቸው። ከቀኝ መጡ። የመቶ አለቃ ጥላሁን የእጅ ቦምብ ወርውሮ ገባ፤ እኛም ተከተልነው። ከአንዱ ቤት ጣሪያ ላይ አንድ መትረየስ ያጭደን ነበር። ያን መትረየስ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ፤ የመቶ አለቃውም በሪፖርቱ ላይ ጽፎታል። ረፋዱ ላይ ተኩሱ ቆመ። ኮሎኔሉ በጂፕ አምልጧል። በግራሩ ሥር የተገደሉት እንደ ወደቁ ነበሩ፤ ጠመንጃዎቻቸውም ገና ዛፉ ላይ ተሰቅለዋል።

ጉድጓዱ ላይ ስንሰበሰብ ከድርን አጣነው። ገመዱ ከተቆረጠ በኋላ ብዙም አልሄደም። አንገቱ ላይ ነው የተመታው። ኮዳውን ለሰውዬው ከሰጠ ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም። ላካፍልህ ስለው እስከ ጉድጓዱ እችላለሁ ብሎኝ ነበር።

ከመቶአችን ዘጠኝ ሰው ሞተ። ቁስለኞቹ ጠጡ፤ ሁሉም ተረፉ። ሙታኑን ከግራሩ ርቀን፣ ከፍ ካለው ቦታ ቀበርናቸው። ከድርን ሙስሊሞቹ ጓዶቻችን አጥበው፣ ሰግደውበት፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙረው አሳረፉት። ያጠቡት በዚያው ጉድጓድ ውሃ ነው።

ፕሬዚዳንቱ አካፋ ለመነኝ። አልሰጠሁትም። እሱም ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ይመልስ ጀመር። ጥፍሩ እስኪደማ መለሰ። ለዚህ ያዘንኩለት እንዳይመስላችሁ። መንገዱን በእውነት አሳይቶናል፤ ይህን አልክድም። ግን ያን መንገድ ያስቀረው ለእኛ ብሎ አልነበረም። ባንዲራ በተዋሰበት ቀን የሚያመልጥበትን ያዘጋጀ ሰው፣ የከተማዋ ሕዝብ በምን እንደሚያመልጥ አንድ ቀን አላሰበም። እንዲህ ያሉትን ከወራሪው ይበልጥ እጠላቸዋለሁ። ወራሪ ቢያንስ አገር አለው።

ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ወሰደው። ከመሳፈሩ በፊት ወደ እኔ ተመለሰ።

«ውሃ የሰጠኝ ልጅ ስሙ ማን ነው?» አለኝ።

እስኪነጋ ወገብ ለወገብ ታስሮ አብሮት ሲሄድ አልጠየቀውም። መኪናው እስኪሄድ ድረስ መትረየሴን ስወለውል ቆየሁ።

ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ። ከድር ገመዳ ይባላል። አገሩ ሁሩታ ነው።