ጭስ ጠባቂው መምህር

ስሜን ባዶ አገር ነው ይባላል። አይደለም። ይህን የሚሉት አብዛኞቹ አንድ ጊዜ በመኪና ወጥተው፣ ከጭላዳ ጋር ፎቶ ተነሥተው፣ ብርዱ ሲይዛቸው የወረዱ ናቸው። ገደሉንና ጉሙን አየን፣ ሰው ግን አላየንም ይላሉ። ሰው እነሱን አይቷቸዋል። በዚያ አገር ከገደል ማዶ ያለ ሰው ሳያየው ተራራው ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ባዶ አገር ማየት የፈለገ እኔ የምኖርበትን የባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ይጎብኝ፤ ደረጃው ላይ በየቀኑ እንተላለፋለን፣ ከፊት ለፊቴ ያለው በር የማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ነገሩን ያስነሣብኝ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ነው። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፋና ሕንፃው ሁሉ ወደ ድሮው ተመለሰ። ሴቶቹ ጓሮ ውስጥ ምድጃ ጎለቱ፣ ቅጠሉ እየተንጣጣ ነደደ፣ ያ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ በመስኮቴ ገባ። እኔም ሳላስበው ቆሜ ጭሱ ከየት ከየት እንደሚወጣ መመልከት ጀመርሁ። ይህን አመል ያወረሱኝ ጋሼ ስጦታው ናቸው፤ የጂኦግራፊ መምህሬና የአጥር ጎረቤታችን። ጡረታ ሲወጡ ከደባርቅ በላይ ወዳለችው የትውልድ መንደራቸው ወደ ጅብራ ሜዳ ተመለሱ። የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥተው ይደውሉልኝ ነበር። ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ግን አልደወሉም። እኔ ስደውል አይገኙም። ኔትወርኩ ተቋርጦ ይሁን፣ ስልኩ ተበላሽቶ ይሁን፣ ሌላ ይሁን አላውቅም። "ሌላ" የምትለዋ ቃል ስጽፋት ትከብደኛለች።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ፣ ግማሹ የፋብሪካ ግማሹ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነበት መንደር ነበር። ጠዋት ጉሙ ጣና ላይ ተኝቶ፣ ከደንገሉ መካከል የወፍ ጩኸት እየመጣ፣ የፋብሪካው ጡሩምባ ሳይነፋ ጋሼ ስጦታው አጥራቸው ሥር ይቆማሉ። በባሕር ዳር ሙቀት ጋቢያቸው ላይ ቡናማ የወታደር ካፖርት ደርበዋል። የሚያዩት የማድ ቤቶችን ጣሪያ ነበር። ከያንዳንዱ ጭስ ሲወጣ ከንፈራቸው ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ሁሉም ሲሟላ ብቻ ገብተው ፊታቸውን ይታጠባሉ። አንዱ ማድ ቤት ከዘገየ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ የካፖርታቸውን ቁልፍ ይፈታሉ፣ መልሰው ይቆልፋሉ። የሰፈሩ ጎረምሶች "የጭስ ሚኒስትር" ይሏቸው ነበር። እናቴ ደግሞ፣ "እኒህ ሰውዬ ማድ ቤቴን ከኔ በላይ ያውቁታል፤ እንግዲያውስ መጥተው ወጡንም ያማስሉልኝ" ትል ነበር።

ምክንያቱን ያወቅሁት ክፍል ውስጥ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ስሜንን በአንድ መስመር ጨርሶት ነበር፦ ከፍታው ብዙ፣ ሕዝቡ ጥቂት። ጋሼ ስጦታው መጽሐፉን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የጥንት ነገሥታት የጠሉትን ሰው ብርዱ ይጨርሰዋል ብለው ወደዚያ በግዞት ይልኩት እንደነበር ነገሩን። "እኛ እንግዲህ ያልጨረሰን ነን" አሉ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጥልቅ ገደል ሣሉ፣ በወዲህና በወዲያ ጠርዝ ላይ አንዳንድ ጎጆ። ገብስ የሚያበቅል አፈር እዚህም እዚያም እፍኝ እፍኝ ስለሆነ ቤቶቹ እንደሚራራቁ አስረዱን። የማዶው ውሻ ሲጮህ ይሰማል፤ እዚያ ለመድረስ ግን ገደሉን ወርዶ መውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት አንድ የማዶ ቤት አለው። ጠዋት ጭሱን ያያል። ፀሐይ ሞቅ እስክትል ጭስ ካልወጣ አንድ ሰው ስንቅ ይዞ ገደሉን ይወርዳል። ያ ቤት የዘመድ ይሁን የባላንጣ አይጠየቅም።

"ጉም ከሆነስ፣ ጋሼ?" አለች አንዲት ልጅ።

"እንጣራለን።"

"ነፋስም ካለስ?"

ጠመኔውን በጣታቸው አሽከረከሩት። "ያን ጊዜ እንጨነቃለን። መጨነቅ ሥራ አይደለም ያላችሁ ማን ነው?"

ከኋላ ወንበር አንዱ፣ "ጋሼ፣ ሰዎቹ እየጾሙ ቢሆንስ? ምን ብለው እሳት ያነዳሉ?" አለ።

"የጾመ ሰው አይበርደውም?" አሉት፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ችግሩ ሥርዓቱን ከነገደሉ ባሕር ዳር ማምጣታቸው ነበር። ወይዘሮ አልማዝ የሚባሉ፣ ከአዲስ አበባ ለፋብሪካ ሥራ የመጡ፣ ባል የሞተባቸው ጎረቤት ነበሩን። በሰፈራችን የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ምድጃ የገዙት እሳቸው ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ከማድ ቤታቸው ጭስ አልወጣም። ጋሼ ስጦታው ቁልፋቸውን ፈቱ፣ ቆለፉ፣ እንደገና ፈቱ። ከዚያ ሮጠው በሩን በትከሻቸው ገንጥለው ገቡ። እኛም ተከትለን ሮጥን። ወይዘሮ አልማዝ በሌሊት ልብሳቸው ቆመው እንቁላል እየጠበሱ ነበር።

"አቶ ስጦታው፣ ምን ሆነዋል?"

"ጭስ የለም።"

"ታዲያስ?"

"የሞቱ መስሎኝ።"

"ስቶቭ ነው እኮ። በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው።"

ጎንበስ ብለው ቀይ የጋለውን ሽቦ አዩት። "ይኼ መንደዱ ከውጭ በምን ይታወቃል?"

"በምንም።"

"ታዲያ እንዴት አድርገው ይኖሩበታል?"

"መጀመሪያ በሬን ይጠግኑልኝ፤ እንዴት እንደምኖር ከዚያ በኋላ እነግርዎታለሁ።"

በሩን ጠገኑ። ወይዘሮ አልማዝም ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ መስኮታቸውን ከፍተው፣ "አቶ ስጦታው፣ አልሞትኩም" ይሉ ነበር። ሰፈሩ ይስቃል። ጋሼ ስጦታው አይስቁም፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደሚቀጥለው ጣሪያ ይዞራሉ።

ይህ ተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ጋሼ ስጦታው አንድ ነፍስ አድነው ሳቂዎቹን ያሳፍሩ ነበር። አላዳኑም። በመንገዳችን መጨረሻ ብቻቸውን የሚኖሩ ባሻ ወርቁ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። አንድ ጠዋት ጭሳቸው እንደ ወትሮው ወጣ። ጋሼ ስጦታው አዩት፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ትምህርት ቤት ሄዱ። ከሰዓት በኋላ የተቃጠለ ብረት ሽታ መንገዱን ሞላው። ማንቆርቆሪያው ውኃው አልቆ ቀልቷል፤ ባሻ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ግድግዳውን ተደግፈው ቀርተዋል። ምድጃው ውስጥ የነበረው ወፍራም የግራር ግንድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲጨስ ዋለ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጋሼ ስጦታው እህል አልቀመሱም። እናቴ ሳህን ይዛ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። "ይቅመሱ እንጂ፣ ጋሼ ስጦታው። እርስዎ ምን ያድርጉ?"

"ጭሱን አይቼ ፊቴን ታጠብሁ" አሏት።

"ማንም ቢሆን ይታጠባል።"

"ጭስ የሚናገረው ስለ እሳቱ ነው፤ ስለ ሰውየው አይናገርም። እኛ አገር ገደል ስላለ ነው በጭስ የምንታመነው። እዚህ ምን ገደል አለ? ሃያ እርምጃ መሄድ አቃተኝ?"

ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ማየት ተዉ። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እያንዳንዱን በር በከዘራቸው ይመቱና፣ "አለን?" ይላሉ። ከውስጥ ድምፅ ካልሰሙ አይንቀሳቀሱም፤ ሳል አይበቃቸውም። ሰው ተነጫነጨ፣ ውሻ ለቀቀባቸው፣ እሳቸው አልተዉም። አንድ ጊዜ ወባ ጥሏቸው ቀሩ። ሰፈሩ ያን ጠዋት እንዴት እንደዋለለ አስታውሳለሁ፤ ሰው ምሳ ዕቃውን ይዞ በየበሩ ቆሞ አንድ የረሳው ነገር እንዳለ ይተያያል። በመጨረሻ ወይዘሮ አልማዝ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ፣ የጋሼ ስጦታውን በር በጫማቸው መቱና፣ "አቶ ስጦታው፣ አለን?" አሉ። ከውስጥ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ "አለን" አለ። ያኔ ነው ሁሉም ወደ ሥራው የሄደው።

በመጨረሻ የተነጋገርንበት እሑድ ነፋሱ ስልኩ ውስጥ እያፏጨ ነበር። ትንፋሻቸው አጥሯል፤ ጉብታው እያደገ መጣብኝ ብለው ቀለዱ። ከዚያ በፊት ያልነገሩኝን ነገር የነገሩኝም ያን ቀን ነው። የማዶው ቤት ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ከተማ ወርደዋል። ጣሪያው ፈርሷል።

"ታዲያ የእርስዎን ጭስ ማን ያያል?" አልኋቸው።

"አንተ አለህ አይደል?" አሉኝና ሳቁ። መስመሩ ተቋረጠ።

ስቀው ነው የተናገሩት፤ እኔ ግን እንደ ሹመት ተቀበልሁት። ከባሕር ዳር ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ጎንደር ድረስ ሄድሁ። ሁለቱንም ጊዜ መንገዱ ተዘግቷል፣ ከዚህ ወዲያ መኪና አይሄድም ተብዬ ተመለስሁ። ባለፈው ወር በዚያ በኩል ማለፍ የቻለ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አገኘሁ። ቤቱን ገልጬ ነግሬው ነበርና ከመንገዱ ሆኖ አይቶታል። "አይዞህ፣ በደንብ ይጨሳል። ሰውዬው ደህና ናቸው" አለኝ። ወዳጆቼ ሁሉ ተመስገን በልና አርፈህ ተኛ ይሉኛል። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ወደ ደባርቅ የሚሻገር ካለ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከደባርቅ በላይ ጅብራ ሜዳ የት እንደሆነች ጠይቁ፤ የመምህሩን ቤት ማንም ያሳያችኋል። ከመንገድ ሆናችሁ አይታችሁ አትለፉ። ውረዱ፣ በሩን ምቱ፣ የሰው ድምፅ እስክትሰሙ ቁሙ። ከዚያ የሰማችሁትንም ያልሰማችሁትንም ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።